ውሪትንና መከታን ያስታረቀው ጨው

ለውድ ወንድሜ ለከሪም፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ በየክረምቱ የሚያስልህ ደረትህ ዘንድሮ ማረህ ወይ? የጅማ ዝናብ ከኛ ከአርብ ገበያ ዝናብ ይብሳል ሲሉ ሰምቼ፣ ቆርቆሯችን በተንኳኳ ቁጥር አንተን ሳስብ ነው የከረምኩት። ምግቡስ ተስማማህ? አብረውህ የሚያድሩት ልጆችስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ከአንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። እናታችን ደህና ናት፤ ጉልበቷ ጠዋት ጠዋት ቢይዛትም ፀሐይ ሲሞቃት ይለቃታል። ባለቤቴ ኑረዲን ደህና ነው፤ ሱቁም እንደ ነበረ ነው። ልጄ ሂባ ስድስተኛ ክፍል ገብታ ቁመቷ ትከሻዬ ላይ ደርሷል። ድመቷም ውሻውም ደህና ናቸው። እነሱን ከሰው ተርታ ማሰለፌ አይግረምህ፤ ደብዳቤው የነሱ ነው ማለት ይቻላል።

ስልክ እያለ ምን አስጻፈሽ ትለኝ ይሆናል። አንተ ስትደውል እማዬ «ድምፁን ከፍ አድርጊው» ብላ አጠገቤ ትቀመጣለች። ስለ እሷ እሷ እየሰማች ምን ይወራል? አንተ «ድመቷና ውሻው ተስማሙ ወይ?» ስትል፣ እኔ «ተስማምተዋል» ስል፣ እማዬ ከጎኔ «ውሸቷን ነው» ስትል ይኸው አራት ወር አለፈ። አሁን የጎረቤታችን የአያ ላቀው ልጅ ኪዳን ወደ ጅማ ሊመለስ ነው። በእጁ የሚያደርስልኝ ሰው ካገኘሁ ዘንድ ነገሩን ከሥሩ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

ሐምሌ ላይ የላክህልኝን መልእክት አሁንም ከስልኬ አላጠፋሁትም። እማዬ ወገዳ ወዳለው ቤቷ ተመልሳ ብቻዋን የምትኖር ከሆነ ትምህርቴን ትቼ እመጣለሁ ብለህ ነበር። አንድ ዓመት ብቻ ለቀረው የእንስሳት ሕክምና! ለኑረዲን እንኳ አላሳየሁትም፤ ለእማዬማ እንዴት ብዬ? ከዚያ ቀን ወዲህ ድመትና ውሻ አንድ ግቢ መኖር ይችላሉ ወይስ አይችሉም የሚለው ነገር ለእኔ የልጆች እንቆቅልሽ መሆኑ ቀረ። እነሱ ከተስማሙ አንተ ትማራለህ፤ ካልተስማሙ አንተም ትቀራለህ። ስለዚህ አንተ መጽሐፍ እንደምታጠና እኔም እነዚህን ሁለት እንስሳት ሳጠና ከረምኩ።

የእማዬን አመጣጥ በወሬ እንጂ በደንብ አልሰማህም። ግንቦት መጨረሻ ላይ ከቦኖ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ጭቃው አዳልጧት ወደቀች። ጎረቤቷ ውዴ ባትደርስላት ኖሮ እዚያው ዝናብ ይመታት ነበር። ሄጄ «በቃ እኔ ዘንድ ነይ» ስላት፣ ለክረምቱ ብቻ ብላ፣ በሁለት ነገር አስምላ መጣች። አንደኛው ድመቷ ውሪት አብራት እንድትመጣ ነው። ሁለተኛው፣ ውሻችን ድመቷን አንድ ጊዜ ቢነክስ በዚያው ሳምንት ወደ ቤቷ እንድትመለስ ነው። እኔ ቂሏ ሁለተኛውን እንደ ቀልድ ነበር የሰማሁት። እማዬ ግን እውነተኛውን ምክንያት በድመት ሸፍና መያዟ ነበር። «በስተርጅና አማቿ ቤት ገብታ ተጦረች» መባልን ከውድቀቱ ይልቅ ትፈራዋለች። ይህንን አንድም ቀን አልተናገረችም፤ ግን ሻንጣዋን ፈትታ አታውቅም። ልብሷን ከሻንጣዋ አውጥታ ትለብሳለች፣ አጥባ መልሳ ሻንጣዋ ውስጥ ታስገባለች። መስገጃዋን እንኳ በየሶላቱ ጠቅልላ ሻንጣዋ ላይ ታኖረዋለች። አንድ ቀን «ለምን ዘርግተሽ አትተይውም?» ብላት፣ እንግዳ በፊተኛው ቀን ወርቅ ነው፣ ሲሰነብት መዳብ ይሆናል አለችኝ። እናት በልጇ ቤት እንግዳ ነኝ ስትል ምን ይባላል? ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ውሪትን መንገዱን አይታ እንዳትመለስ ክዳን ባለው ቅርጫት ከትተን፣ በሻርፕ ሸፍነን ነው ያመጣናት። በዚያ ሁሉ ጎርባጣ መንገድ አንድ ጊዜ ሳታርፍ ስትጮህ፣ ሾፌሩ ልጅ ታሞ መስሎት ሁለት ጊዜ ዞሮ ጠየቀን። መከታን ታውቀዋለህ። ቡችላ ሳለ በጆንያ ይዘህ የመጣኸው አንተ ነህ፤ ስለዚህ ከጥፋቱ ግማሹ ያንተ ነው። ቅርጫቱን ስንከፍት መከታ ጭራውን እየወዘወዘ መጣ። ውሪት አፍንጫውን በጥፍሯ ቧጨረችውና የእህል ጎተራው አናት ላይ ወጣች። እዚያም ሁለት ቀን ሳትወርድ ቆየች። መከታ ከሥር ቁጭ ብሎ ወደ ላይ ያያል፣ እማዬ በር ላይ ቁጭ ብላ መከታን ታያለች፣ እኔ ደግሞ እማዬን አያለሁ።

አንተ በቴሌግራም የላክኸውን ምክር ሞክረነዋል። አንዱ የሌላውን ጠረን እንዲለምድ መኝታቸውን አቀያይሩ ብለህ ነበር። የውሪትን ጨርቅ ለመከታ አነጠፍንለት፤ ቆፍሮ ቀበረው። የመከታን ጆንያ ወደ ቤት ላስገባ ስል ግን እማዬ ክንዴን ያዘችኝ። የውሻ ምራቅ የነካው ነገር ነጃሳ፣ ርኩስ ነው፣ እኔ የምሰግድበት ክፍል አይገባም አለች። እውነቷን ነው፤ ይህን በመጽሐፍህ ውስጥ አታገኘውም።

ሂባ ግን ያንተን ደም ነው የወረሰችው። ደብተር ይዛ በየቀኑ ስትመዘግብ፣ አንድ ቀን እየሮጠች መጥታ «እማ ደረስኩበት!» አለችኝ። መከታ ጭራውን ሲወዘውዝ ደስ ብሎት ነው። ውሪት ጭራዋን ስታወዛውዝ ግን ልትቧጭር ነው። እሱ እንጫወት እያለ ይቀርባል፣ እሷ ጠብ ፈለገኝ ብላ ትመታዋለች። መከታ ደግሞ ጆሮውን ወደ ኋላ ሲጥል ይቅርታ መጠየቁ ነው፤ እሷ ጆሮዋን ስትጥል ተቆጥታለች። ሄጄ አየሁት፤ እንዳለችው ነው። ለካ ያ ሁሉ ጠብ ከክፋት አልነበረም። ይህን አንተ ተምረኸው ታውቃለህ? ከሆነስ አንዱ የሌላውን አመል ለመማር ስንት ቀን ይፈጅበታል? አስተማሪዎችህን ጠይቅልኝ፤ እኔ መልስ ያለኝ ለአንድ ድመትና ለአንድ ውሻ ብቻ ነው።

መፍትሔው የመጣው ከተማረ ሰው አይደለም። በነሐሴ አንድ አርብ አያ ላቀው ጨው ሊገዛ ሱቅ መጣ። መከታ በር ላይ፣ ውሪት ጎተራ ላይ ተፋጠው አየና ሳቀ። እናቱ የሞተችበትን ግልገል ሌላ በግ አላጠባም ስትል እነሱ በግ አርቢዎቹ የሚያደርጉትን ነገረኝ፦ ግልገሉን ጀርባውን ጨው ይቀቡታል፣ በጓ ለጨው ብላ ስትልሰው ውላ ስታድር ልጄ ነው ትላለች። «የናንተ ቤት ጨው አጥቶ ነው?» ብሎኝ ሄደ።

አትሳቅብኝ ከሪም። አንተ ስትመጣ ማየት የማልፈልግበት ዓመት ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ምን ያላደረግሁት ነገር አለ? በማግስቱ እማዬ ለቅሶ ልትደርስ ስትወጣ፣ ጨው በውሃ በጥብጬ ውሪትን ከማጅራቷ እስከ ጭራዋ አሸሁላት። ሂባ በእቅፏ ይዛት፣ እኔ መከታን በአንገቱ ይዤ አቀራረብናቸው። የመጀመሪያ ቀን ውሪት ተነፋች፣ መከታም አንዴ ልሶ በጥፊ ተመታ። በሁለተኛው ቀን አንድ ጊዜ ተመትቶ ሦስት ጊዜ ላሰ። ውሪት ራሷን ስትልስ ጨዉ አስጠማትና ውሃ ፍለጋ ከመከታ ጣሳ ላይ ሄዳ አጎነበሰች። መከታም መጥቶ በሌላው በኩል አጎነበሰ። አንገት ለአንገት ተያይዘው ሲጠጡ ሂባና እኔ ትንፋሻችንን ይዘን ቆምን። በሳምንቱ ጨውም አላስፈለገም። ጳጉሜን ላይ ውሪት የጠዋት ፀሐይ የምትሞቀው መከታ ሆድ ላይ ተኝታ ሆነ። ጭራዋን ስታወዛውዝ ደግሞ መከታ ፊቱን ዞር አድርጎ ይተዋታል፤ ተምሯል ማለት ነው። እማዬም ይህን አየች። ሻንጣዋ ግን እንደ ነበረ ነው።

እንግዲህ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባላል፤ እኔም ጠቡ አንድ ቀን ይመለሳል ብዬ ስሰጋ ነበር። ለካ የሚያሰጋው ሌላ ነው። መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ እማዬ በረንዳ ላይ የአስርን ሶላት ሰግዳ ስታበቃ ቀና ስትል ግቢው መሐል መከታ ውሪትን ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ እየላሰ ያጥባታል። ውሪት ልብሱን እንዳስተካከለ ሰው ተነቃንቃ መጣችና እማዬ መስገጃ ላይ፣ ልክ ግንባሯ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ተጠቅልላ ተኛች።

እማዬ ተነስታ ቆመች። መጀመሪያ ስንት ቀን ሲልሳት እንደቆየ ጠየቀችኝ። እኔም መዋሸት ስላልቻልኩ ከነሐሴ ጀምሮ አልኳት። ከዚያ ወዲህ የሰገደችውን ሶላት በጣቷ ትቆጥር ጀመር። እኔ ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። ጠባቸውን ስፈራ፣ ሲፋቀሩ ውሻው ይልሳታል፣ የተላሰችዋ ድመት መስገጃ ላይ ትወጣለች ብዬ አላሰብኩም። በጨው ነገር ብልጠቴን አመሰገንኩ እንጂ ወዴት እንደሚወስደን አላየሁም።

ቀጥሎ የሆነውን ስነግርህ መሳቅ ትችላለህ፤ አሁን አልፏል። ውሻ የላሰው ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር ይሁን ብላ እማዬ መስገጃዋን አጠበች፣ ከዚያ ድመቷም ትታጠብ አለች። ኑረዲን እኔ እይዛለሁ ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። በሁለተኛው ውሃ እጅጌው ተቀደደ፣ በአፈሩ ጊዜ ክንዱ ተገሸለጠ፣ በስድስተኛው እሱም ውሪትም እኩል ርሰው እኩል ይንቀጠቀጡ ነበር። በማግስቱ ገበያ ነው፤ ክንዱን በጨርቅ አስሮ ሱቁ ሲቀመጥ ገበሬው ሁሉ «ነብር ነው?» እያለ ጠየቀው። «የአማቴ ድመት ናት» ለማለት አፍሮ «ሽቦ ነው» እያለ ዋለ። ውሪትስ? በታጠበችበት ዕለት ማታ ውሃዋን አራግፋ ሮጣ የሄደችው ወደ መከታ ነው። እሱም እንደገና ከጆሮዋ ጀምሮ አደረቃት። ሰባቱም እጥበት በአንድ ምላስ ፈረሰ።

እማዬ ይህን አይታ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። የሻንጣዋን ዚፕ ዘግታ፣ ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና እሄዳለሁ አለች። ኑረዲን መከታን ለአያ ላቀው ልስጠው፣ የበግ ጠባቂ ይሆናል ሲል፣ እማዬ ፊቷ ተለዋወጠ። በእኔ ምክንያት የአማቼ ውሻ ከግቢው አይወጣም፣ ዛሬ ውሻው ነገ ደግሞ ምን ሊወጣልኝ ነው አለች። ያኔ የተደበቀው ነገር ተሰማ። ኑረዲንም ሰምቶ መሬት መሬት አየ። እኔ ያንተ መልእክት ኪሴ ውስጥ እንደ ፍም አቃጠለኝ። የሚመጣው ታየኝ፦ እማዬ ወገዳ ቦኖ ላይ ባልዲ ይዛ፣ አንተ ደብተርህን ዘግተህ መኪና ስትሳፈር።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ሸህ ሰይፈዲንን ለምኜ ቤት ይዣቸው መጣሁ። የመስጂዳችን ሽማግሌ ናቸው፤ የአባታችን ወዳጅ ስለነበሩ እማዬ ታፍራቸዋለች። በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሰባቱ እጥበት ላይ ሲደርስ የኑረዲንን ክንድ አይተው ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ሳቅ እንደያዛቸው አውቄአለሁ። ከዚያ እማዬን ድመቷ ስትመጣ እርጥብ ነበረች ወይ፣ መስገጃው ላይ እርጥበት በዓይንሽ አይተሻል ወይ ብለው ጠየቋት። እማዬ አላየሁም ጠረጠርኩ እንጂ አለች። እሳቸውም እርግጠኛ የሆነ ነገር በጥርጣሬ አይነሳም፣ የሰገድሽው ሰግደሻል፣ ያላየሽውን አትጠቢ፣ ድመት በቤታችን የምትዞር ናትና አታስጨንቂያት አሏት። መከታም ግቢ ጠባቂ ነው፣ ከበረንዳው ወዲያ ይሁን አሉ። መስገጃው ግን መሬት ለምን ይቀመጣል፣ ሰግደሽ ስታበቂ ከፍ አድርገሽ ስቀይው፣ ድመት አትደርስበትም አሉ።

እማዬ የምሰቅልበት የለኝም፣ እኔ መንገደኛ ነኝ አለች። ሸህ ሰይፈዲን ወደ እሷ ዞሩ። ከዚያ በቀስታ፣ የጠየቅሽኝ የድመቷን ጉዳይ ነው ወይስ የመሄጃሽን አሏት። ለመሄጃሽ ከሆነ እኔ ምክንያት አልሰጥሽም፣ ድመቷም ምክንያት መሆኗ ቀርቷል፣ ሌላ ፈልጊ አሉ። ተነስተው ሲወጡ ኑረዲን ሸኛቸው።

እማዬ ብቻዋን በረንዳ ላይ ቀረች። ግቢው ውስጥ መከታ ተጋድሟል፣ ውሪት ከሱ አጠገብ ጆሮዋን ታክካለች። እኔ ከጓዳ በር ሆኜ ሦስቱንም አየሁ። እማዬ እየደጋገመች ወደ እነሱ ስታይ ያችን የድሮ ፊቷን፣ አንተ ነገር ስትጠይቃት ፊቷ ላይ የሚመጣውን የመገረም ፊት አየሁባት። «አንቺ ሀኒፋ፣» አለችኝ ሳትዞር፣ «ይሄ ውሻ፣ ድመቷ ወገዳ ከሚባል አገር የመጣች እንግዳ መሆኗን ረስቶት ነው?»   አንተ ታውቅ እንደሆን ጻፍልኝ።

ኑረዲን ሲመለስ እማዬ ጠራችው። «ልጄ፣» አለችው፣ «እዚህ ግድግዳ ላይ አንድ ኩላብ ምታልኝ፤ እጄ የሚደርስበት ቁመት ይሁን።» ኑረዲን በዚያ በታሰረ ክንዱ መዶሻ ፍለጋ ሲሮጥ ብታየው! ሚስማሩ ሁለት ጊዜ ጎበጠበት። ኩላቡ ተመትቶ ሲያልቅ እማዬ መስገጃዋን ሰቀለች። ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ አየችው። ከዚያ ገብታ ከሻንጣዋ አንድ ቀሚስ አወጣችና አጠገቡ ሰቀለች። ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ጥሩምባውን ሲነፋ ቁርሷን እየበላች ነበር። ይኸው አንድ ወር ሊሞላ ነው፤ ሻንጣው ባዶውን አልጋ ሥር ነው፣ ውሪት ትተኛበታለች።

ስለዚህ ጥያቄህን ልመልስ። ድመትና ውሻ አብረው መኖር ይችላሉ። ቶሎ አይደለም፣ በምክር ብቻም አይደለም። አንዱ ፊቱን ዞር ማድረግ ሲማር፣ ሌላው ጥፍሩን መሰብሰብ ሲማር፣ ደግሞም የራሳቸው ቦታ ሲኖራቸው ነው። የቀረውን አንተ ጨርሰህ ስትመጣ ታስተምረኛለህ። ጨርሰህ ስትመጣ ነው ያልኩት፤ ልብ በል።

ሰላምታ ልጻፍልህና ላብቃ። ኑረዲን ሰላም ብሎሃል፤ ክንዱ ድኗል፣ ጠባሳውን ግን ሕክምና የሚማር ሰው ይየው ብሎ አስቀምጦልሃል። ሂባ እጅህን ስማለች፤ ከደብተሯ ሁለት ገጽ ቀድታ ከደብዳቤው ጋር አጥፋዋለች፣ ስህተት ካገኘህ በቀይ እንዳታርምባት። አያ ላቀው እንደምነህ ይልሃል፤ ትምህርትህ ስለ ጨው ምን እንደሚል ጠይቁልኝ ብሏል። ውዴ ከወገዳ ሰላም ብላሃለች፤ የቤቱ ቁልፍ እሷ ዘንድ ነው፣ ጓሮውን እንድታርሰው እማዬ ፈቅዳላታለች። ሸህ ሰይፈዲን ዱዓ አድርገውልሃል። መከታ ስምህን ስንጠራ አሁንም ጆሮውን ያቆማል። አብረውህ ላሉት ልጆች በሙሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

እማዬ ይህን ስጽፍ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች። ምን እንደጻፍኩ አልጠየቀችም። «አንድ ነገር ብቻ ጨምሪልኝ» አለች፣ እንዳለችው እጽፈዋለሁ፦ «ከሪም ተመርቆ ሲመጣ የወገዳ መኪና እንዳይሳፈር። የእናትህ ቤት አርብ ገበያ ነው በይው።»

እህትህ ሀኒፋ
አርብ ገበያ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.